የዋልካ መሬት ውኃና ተግባራዊ ምርምር፤ በብቸናና በሞጣ

በእርዳታና በማቋቋም ሥራ ላይ የተሰማራ ሠራተኛ ዘር ያከፋፍላል፤ እርከን ያሠራል፤ የውኃ መውረጃ ያስቆፍራል። በዓመቱ መጨረሻ በሚቀርበው ሪፖርትም የተከፋፈለው ኩንታልና የተሠራው እርከን ርዝመት በቁጥር ይሰፍራል። ዘሩ ምን ያህል እንደ በቀለ፣ እርከኑም አፈሩን ይዞ መቅረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገለጽም። ይህን ጉድለት ለማረም ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ተግባራዊ ምርምር ነው።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቦና ምሁር ኩርት ሌዊን ነው። ሠራተኛው በራሱ የዕለት ተግባር ውስጥ ያለውን ችግር ለይቶ ያቅዳል፤ በጥቂቱ ይሞክራል፤ የታየውን ይመዘግባል፤ ዕቅዱን አርሞ እንደገና ይሞክራል። በአገራችን ስሙ በይበልጥ የሚታወቀው በመምህራን ዘንድ ነው። የግብርና ሠራተኛውና ገበሬው ግን ስሙን ሳይጠሩ ሲሠሩበት ኖረዋል።

በቀድሞው የብቸና አውራጃ፣ በተለይም በዛሬው የእነማይ ወረዳ ሜዳዎች ላይ ዋልካ መሬት ሰፊ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፤ ውኃ ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገበሬው ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ ጤፉን ዘግይቶ ይዘራል፤ ሽምብራውንና ጓያውንም በመስከረም ገደማ በተረፈው እርጥበት ያበቅላል። ዝናቡ ቀድሞ ባቋረጠ ዓመት ዘግይቶ የተዘራው ሰብል ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። ጓያ ከሌላው ይልቅ ድርቅን ይችላል፤ ነገር ግን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ በረሃብ ዓመት ደግሞ በብዛት የሚበላው እርሱ ነው። የውኃ መውረጃ ጉዳይ ከእህል እርዳታ ጋር የተያያዘ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከጮቄ ተራራ ወደ አባይ በሚያዘቀዝቀው የሞጣ ተዳፋት ላይ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ገበሬው የክረምቱን ጎርፍ ከማሳው ለማውጣት በማረሻው ፈሰስ ይቀድዳል። ፈሰሱ ቁልቁል በሄደ መጠን ውኃው ፈጥኖ ይወጣል፤ አፈሩንም ይዞ ይወርዳል፤ ውሎ አድሮም ቦረቦር ይሆናል። አግድም ከሆነ ደግሞ ሞልቶ ይጥሳል። ትክክለኛው ዝቅዝቃት የትኛው ነው? መልሱ በየማሳው ስለሚለያይ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ አይችልም።

ለዋልካ መሬት በእኛው አገር የተደረገ አንድ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማእከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና በመካከሉ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ የሚያወጣ የበሬ መሣሪያ ሠራ። የመጀመሪያው ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ የተሠራ ሲሆን ለበሬዎቹ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በኋላ ቀለል ባለ የብረት ክንፍ ተተካ። መሣሪያው ማሳ ገብቶ፣ በሬ ስቦት፣ ጉድለቱ ታይቶ ተሻሽሏል ማለት ነው።

አንድ የወረዳ ሠራተኛ በብቸና ዙሪያ መደብ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ገበሬዎች ማሳ ላይ ሁለት እኩል ቁራሾች ይለካል። ዘሩ፣ የሚዘራበት ቀን፣ ማዳበሪያውና አረሙ አንድ ዓይነት ሆኖ መደቡ ብቻ ይለያል። የሚዘራበትንም ቀን አብሮ ከለወጠ ግን ምርቱ የጨመረው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ማወቅ ያቅተዋል። የትኛው ቁራሽ መደብ እንደሚወጣለት በዕጣ ይወሰናል። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያስፋፋው ሥርዓት ይኸው ዕጣ ነው፤ ለጎጃም ገበሬም መሬትና ውኃ ሲካፈል የኖረበት ስለሆነ ማስረዳት አይከብድም። ለሠራተኛውም «ለዘመዱ አደላ» ከሚል ሐሜት መዳኛ ይሆነዋል። ምርቱ በሚወቃበት ጊዜ በቁናም ቢሆን ከሁለቱ ቁራሾች በተመሳሳይ መስፈሪያ ይሰፈራል።

ትዕግሥት ያስፈልጋል። በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ አቅራቢያ በሚገኘው በአንጀኒ፣ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በ1976 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዝናቡንና የሚታጠበውን አፈር መለካት ጀመረ፤ ፋኛ ጁ የተባለው እርከን የተሠራው በ1978 ዓ.ም. ነው። አስቀድሞ የተለካ ነገር ስለ ነበረ ኋላ የመጣውን ለውጥ ማነጻጸር ተችሏል።

መለካት በዚህ አገር ቀላል ነገር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በብቸናና በሞጣ ገበሬው በአመፅ ተነሣ፤ ግምቱንና ልኬታውን ርስቱን የሚያሳጣው አድርጎ ይመለከተው ነበርና። በኋላም መንግሥት ውዝፉን ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። ስለዚህ ሜትር ይዞ ማሳ የሚገባ ሠራተኛ ልኬታው ለምን እንደሚሆን አስቀድሞ በስብሰባ ማስረዳት፣ የመዝገቡንም አንድ ቅጂ ለባለማሳው መስጠት ይገባዋል።

በሰፈራ ሥራ ላይ የሙከራ አስፈላጊነት ከዚህም ይብሳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተዛወሩ። ከሰፈራዎቹ አንዱ በጎጃም ውስጥ በመተከል፣ ጣና በለስ ነበር። ደገኛው ገበሬ ወባና የከብት ገንዲ ወዳለበት ቆላ የገባው በሙከራ ማሳ ሳይፈተን፣ ብዙ ሺህ ሆኖ በአንድ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የተፈጠረውን ስሕተት ለማረም የሚያስችል ማነጻጸሪያ አልነበረም።

ሙከራ ሊከሽፍ እንደሚችል ግልጽ ነው፤ ካልከሸፈም ሙከራ አይባልም። ሆኖም የገበሬው ቁራሽ የቤተሰቡ ቀለብ ነው። ስለዚህ ከዘር በፊት ቁራሹ ትንሽ እንዲሆን ይወሰናል። ከማነጻጸሪያው ያነሰ ምርት ከተገኘም የሚጎድለው እህል ስንት ቁና ድረስ እንደሚተካ፣ ከየትኛው መጋዘንና በማን ፊርማ እንደሚወጣ በቀበሌው ስብሰባ ፊት በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።