ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው ያለው ማን ነው?

በቅርቡ ከገጠር ወደ ነጌሌ የተላከልን አንድ ጎልማሳ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። በሄደበት ሁሉ ለሳንባ ነቀርሳ አክታውን ሲመረምሩት ከርመዋል፤ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን የለካለት ግን የለም። እኛ ስንለካው መሣሪያው ቁጥር ማውጣት አቅቶት «ሃይ» (ከመለኪያው በላይ) ብሎ ጻፈ። ታላቅ ወንድሙ «ዶክተር፣ ስኳር እኮ የጠገበ ሰው በሽታ ነው፤ ይሄ ምን በልቶ?» አለኝ።

የወንድሙስ ይሁን። የሰለቸኝ ይህንኑ ከባለሙያ አፍ መስማት ነው። «ቆላ ስኳር የለም፤ አርብቶ አደር ወተት ይጠጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይራመዳል» ይሉና ሪፖርት ያሳዩኛል። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ያለቀበት ጤና ጣቢያ ታማሚ ከየት ያገኛል? ጥምም እዚህ እንደ ምልክት አይቆጠርም፤ በበጋ ቦረና ላይ የማይጠማ ማን አለ? ብዙው ሰው የሚነቃው ሽንቱን ጉንዳን ሲወረው ነው።

ደግሞስ የቱ አርብቶ አደር? ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ ከብቱ አለቀ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከከተማ ዳር ላስቲክ ወጥሮ ሰፈረ። ከብት ተከትሎ ሲዞር የኖረ ሰው የቀን ሥራ ካጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ወተቱን የእርዳታ ስንዴ፣ ሩዝና ፓስታ ተኩት። ሆድ የሚያታልለው ሻይ ነው፤ ለአንዲት ትንሽ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። ይህን ሰው «ስኳር ቀንስ፣ አትክልት ብላ» ብሎ ማሰናበት ምክር ነው? አትክልቱን ከየት ያምጣ?

ረሃቡ ራሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር በ1985 ራሱን የቻለ ዓይነት ብሎ መድቦት ነበር፤ በ1999 ሰረዘው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ባንኮክ ላይ «ዓይነት 5» ብሎ መለሰው። የጎንደር ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ቀጫጭን የገጠር ታካሚዎችን ከዚያ ቀደም ብለው ሲጽፉ ኖረዋል፤ አንባቢ ግን አላገኙም። ዩክሬን ውስጥ ደግሞ በ1932 እና 33ቱ ረሃብ ጊዜ የተፀነሱ ሰዎች ካደጉ በኋላ ሲጠኑ፣ ረሃቡ በጽንስነታቸው መጀመሪያ ያገኛቸው በዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በእኛ ድርቅ የተፀነሱት ገና ሕፃናት ናቸው።

ኢንሱሊኑም ሌላ ጣጣ ነው። መብራት የሌለው ሰፈር «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ» ይባላል። እኔ ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርገው መሐሉን እርጥብ አሸዋ እንዲሞሉት አሳያለሁ፤ ሙቀቱን በደንብ ይቀንሰዋል።

ሪፖርት የምትሞሉ ባልደረቦቼ፣ ስትሪፕ ባልነበረበት ወር ዜሮ አትጻፉ። «አልተለካም» በሉ። የሚቀጥለው ዓመት ስትሪፕ የሚታዘዘው በዚያ ቁጥር ነው።