ሦስተኛዋ ብልቃጥ

ሴፋዞሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነጭ ዱቄት ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ 1 ግራም ይመጣል። የሰመመን ባለሙያዋ የመርፌ ውኃ ትጨምርበትና ዱቄቱ ሟሙቶ ፈሳሹ እስኪጠራ ብልቃጧን ትነቀንቃለች። ከዚያ በሲሪንጅ ስባ በታካሚው የደም ሥር ቀስ እያለች ትሰጣለች። ታካሚው ገና አልተቀደደም፣ ኢንፌክሽንም የለበትም። መድኃኒቱ የሚሰጠው እንዳይመጣበት ነው።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጆን በርክ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 በጊኒ ፒጎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ባክቴሪያው ቆዳ ውስጥ ከገባ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የተሰጠ ፀረ ባክቴሪያ ምንም እንዳልፈየደ አሳይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሴፋዞሊን ታካሚው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው።

ስንት ብልቃጥ ይከፈት የሚለው ግን ከሰዓቱ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት የጋራ መመሪያ ለአዋቂ ሰው 2 ግራም፣ ክብደቱ 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ 3 ግራም ይላል።

ምክንያቱ ያለው ስቡ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ ስብ ደግሞ ከጡንቻ ያነሰ ደም ነው የሚደርሰው። ሴፋዞሊን ራሱም ከውኃ ጋር እንጂ ከስብ ጋር አይስማማም። ሐኪሙ የአንድ ወፍራም ሰው ሆድ ሲከፍት አንጀት ጋ ከመድረሱ በፊት የጋት ያህል ስብ ሊቀድ ይችላል። ቁስሉ መልሶ የሚድነው እዚያው ስብ ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያም የሚያደባው እዚያው ነው። ደም ባነሰበት ቦታ ኦክስጅንም፣ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳትም ያንሳሉ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ለመካከለኛ ሰውነት የተለካው መጠን በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ሳስቶ ይገኛል።

ይህ ከወረቀት ሒሳብ ያለፈ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አንድ ጥናት ውፍረትን ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ተከታተለ። በ1 ግራም ሴፋዞሊን ጊዜ ደማቸውና ስባቸው ሲመረመር መድኃኒቱ ባክቴሪያን ለመግታት ከሚያስፈልገው በታች ሆኖ ተገኘ። መጠኑ ወደ 2 ግራም ሲያድግ ቁስላቸው የሚያመረቅዝባቸው ሰዎች ከ16.5 ከመቶ ወደ 5.6 ከመቶ ወረዱ። ከ2 ወደ 3 ግራም መውጣት ያንን ያህል ጥቅም እንዳለው ግን በኋላ የመጡት ጥናቶች በአንድ ድምፅ አልመሰከሩም። እኔ ለሦስተኛዋ ብልቃጥ አደላለሁ፤ ሴፋዞሊን በዚህ መጠን እምብዛም የማይጎዳ መድኃኒት ነው፣ ያመረቀዘ ሆድ ግን ሰውን ለሳምንታት አልጋ ላይ ያውላል።

ጄንታማይሲን ስለተባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ግን እንዲህ በልበ ሙሉነት አልናገርም። እሱ ሲበዛ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል። ቁመቱ 170 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 140 ኪሎ የሆነ ወንድ እናስብ። ለቁመቱ የሚመጥነው 66 ኪሎ ገደማ ነው። ሐኪሞች ከዚያ የተረፈውን 74 ኪሎ ሙሉውን አይቆጥሩም፤ 40 ከመቶውን ብቻ ወስደው 66ቱ ላይ ይደምሩና 96 ኪሎ ግድም ያገኛሉ። በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲሰላ 480 ሚሊግራም ይሆናል። በሙሉ ክብደቱ ቢሰላ 700 ይሆን ነበር። አንዱ መድኃኒት ሲጨመርለት ሌላው በልክ ይያዛል፤ ለወፍራም ሰው ሁሉን ማብዛት ነው የሚል ሐኪም በጣም ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በሚዛን ላይ ነው። 125 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዓይን ግምት 100 ከተባለ ሦስተኛዋ ብልቃጥ ሳትከፈት ትቀራለች። በእኛ ዘንድ «ወፈርክ» ማለት ምስጋና የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ሰው የሚሸማቀቅበትም ጊዜ አለ፤ የተኛ ሰው ፊት ኪሎ መጠየቅ የሚከብዳቸው ባለሙያዎች አሉ። ታካሚው ራሱ «ስንት ኪሎ ተጻፈልኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ቀዶ ሕክምናው ከረዘመ ደግሞ ሴፋዞሊን በ4ኛው ሰዓት ይደገማል። 125 ኪሎ ለሚመዝነው ሰው ያኔም የሚከፈቱት ሦስት ብልቃጦች ናቸው።