ከማን ሰማህ?

በይፋቷ ማጀቴ ከተማ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የብሔራዊ ፈተናው ቀን ተለውጧል የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በቴሌግራም ደርሶት ለጓደኞቹ ሁሉ ካሰራጨው በኋላ፣ «ማን ጻፈው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከግሩፕ ነው ያገኘሁት» ሲል በፍጹም ቅንነት መለሰልኝ። ደብዳቤውን አጉልተን ብናየው የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር በሌላ ቀለም የተደረበበት ነበረ። የልጁ መልስ ያስተማርነውን እኛን የምትከስስ ሆና ስለ ታየችኝ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ።

እንዲህ ያለው ወሬ የሚታመነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው መሰረዙን አንባቢ አይዘነጋም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨውን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ተናጋሪው እንዲህ ሲቀጣ ሰሚውን ማን እንደሚያስተምረው አንድ የትምህርት ሹም ብጠይቃቸው፣ «በሂደት ላይ ነው» ብለው ከዚያ ወዲያ ሊመልሱልኝ አልወደዱም።

ይፋት ግን በዚህ ረገድ ድኻ አገር አይደለችም። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ነገሥታት የተነሡባት ይህች ምድር ሁለት የምርመራ ሥርዓቶችን ጎን ለጎን አቅፋ ኖራለች። ከሼኹ ፊት የሚቀመጠው ደረሳ፣ ሐዲስ ሲነገር አስተላላፊው ሁሉ ከማን እንደ ሰማ በየስሙ እየተጠራ እስከ ነቢዩ እንደሚቆጠር፣ ከመካከልም እምነት የሚያጎድል አንድ ሰው ቢገኝ ቃሉ እንደሚደክም ይማራል፤ በጉባኤ ቤትም የመጻሕፍት መምህር ንባቡን አስነብቦ ትርጓሜውን «አንድም» እያለ በየአንጻሩ ሲያወርድ፣ ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ስም ጠርቶ ይመሰክራል እንጂ «ሲባል ሰማሁ» አይልም።

ይህ ሁሉ ከአስኳላው ደጃፍ ለምን ቀረ? አንድ የማጀቴ መምህር እንዲህ አሉኝ፦ «አባቱ አንድ ኩንታል ማሾ ከመሸጡ በፊት አጣዬም ሸዋ ሮቢትም ደውሎ ዋጋ ያጣራል፤ ልጁ ግን ሰው የሚያፋጅ ወሬ በአንድ ጣቱ ያሳልፋል። እኛም በፈተና መልሱን እንጂ ከየት እንዳመጣው አንጠይቀውም።» በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የነበረውንም ሲያስታውሱ፣ «ወሬው ከመኪናው ይፈጥን ነበር፤ የትኛውን አምነን የትኛውን እንተው?» አሉ።

መምህራን ሆይ፣ ለተማሪው መልስ ነጥብ ስትሰጡ፣ ግማሹን ለመልሱ፣ ግማሹንም ከማን እንዳገኘውና ከሌላ ምንጭ ጋር እንዴት እንዳመሳከረው ለሚያስረዳበት አንቀጽ ስጡ፤ ይህን ለመጀመር መመሪያም በጀትም መጠበቅ አያሻም።