የኦርጋን ጀማሪ መጀመሪያ ማጀብን ይማር

በእኛ አገር «ኦርጋን» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በየወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያንና በየባንዱ ያለው ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን ግን ሌላ መሣሪያ ነው፤ በቧንቧዎች በሚያልፍ ነፋስ ይሰማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ረድፍ የእጅ ቁልፎች አሉት፤ ከእግር ሥር ደግሞ፣ በዘመናዊዎቹ ላይ፣ 30 ወይም 32 የፔዳል ቁልፎች ተዘርግተውለታል። ይህን ያየ ጀማሪ ወዲያው የሚመኘው የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን ታላላቅ ድርሰቶች መጫወት ነው። ለአምልኮ አገልግሎት የሚማር ሰው ግን ከዚያ ቢነሣ መንገድ ይስታል፤ መጀመሪያ መማር ያለበት የሚዘምረውን ሕዝብ ማጀብ ነው።

ምክንያቱ ከመሣሪያው ባሕርይ ይነሣል። ፒያኖ ላይ ጣት ሲጠነክር ድምፁ ይጎላል፤ የተመታውም ድምፅ በራሱ እየከሰመ ይጠፋል። የቧንቧ ኦርጋን ድምፅ ግን ቁልፉ በርትቶም ተጫነ በለሆሳስ ያው ነው፤ ጣት እስኪነሣም ድረስ አይደክምም። ስለዚህ ኦርጋን ላይ መቼ መልቀቅ እንደሚገባ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ሳንባ አለው፤ በየስንኙ መጨረሻ መተንፈስ ይፈልጋል። ተጫዋቹ እዚያ ላይ ጣቱን ሳያነሣ ከቀጠለ ዘማሪው የት እንደሚተነፍስ ግራ ይገባዋል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ስንኙን በጊዜው ዘግቶ ቀጣዩን በምቱ ከከፈተ ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው ያለ መሪ አብሮ ይገባል። ይህን የሚያስተምረው፣ ሲለማመዱ ራስ እየዘመሩ መጫወት ነው፤ እስትንፋሱ ሲያጥረው ተማሪው ስሕተቱን ያውቃል።

«ታዲያ ባህ ራሱ ለጀማሪ ጽፎ የለም?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጽፏል። «ትንሹ የኦርጋን መጽሐፍ» የተባለው ሥራው በርዕስ ገጹ ላይ ለጀማሪ ኦርጋኒስት እንደተዘጋጀ ይናገራል። ድርሰቶቹ ለዛሬ ጀማሪ ከባድ ናቸው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሁሉም የተሠሩት ምዕመናን በሚዘምሯቸው የሉተራን መዝሙሮች ላይ ነው። ባህም ትምህርቱን የመሠረተው ጉባኤው በሚያውቀው ዜማ ላይ ነበር።

ከሁሉም የሚጠነክረው ተቃውሞ ግን «በግማሽ የተማረ ሰው በአምልኮ ፊት መቀመጥ የለበትም» የሚለው ነው። ለአምልኮ ክብር ማሰቡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚጎዳውን ስሕተት ከማይጎዳው መለየት አለብን። አንድ የተሳሳተ ኖታ ቶሎ ይረሳል፤ የተቋረጠ ምት ግን ሕዝቡን ያቆማል። ዜማውንና ባሱን ብቻ፣ በእጅ ብቻ፣ ምቱን ሳይለቅ የሚጫወት ጀማሪ ጉባኤ ይመራል። ባሱን ከግራ እጅ ወደ እግር ማውረድ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። የፒያኖ ልምድም ኖታ ለማንበብ ይረዳል፤ ነገር ግን ድምፅን በፒያኖ ፔዳል አርዝሞ የጣትን ክፍተት መሸፈን የለመደ ሰው ይህን ኦርጋን ላይ አያገኝም፤ ቁልፉን ሳይለቁ ጣት መቀያየርን እንደገና ይማራል። ደግሞም በአምልኮ የሚጫወት ሁሉ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ አይደለም፤ የኦርጋን ሙያ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ በቅርስነት በተመዘገበላት በጀርመንም ቢሆን በሙሉ ጊዜ ከሚያገለግሉት ኦርጋኒስቶች ይልቅ በትርፍ ጊዜያቸው የሚያገለግሉት እጅግ ይበዛሉ።

ኦርጋን ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ፣ የምታውቁትን አንድ መዝሙር ምረጡ፤ ዜማውንና ባሱን ብቻ ያዙ፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ እየዘመራችሁ ተጫወቱት።