የፊት ጠጕርን ፈጽሞ ስለ ማጥፋት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር፥ በአገጭዋና በላይኛው ከንፈርዋ ጠጕር የበቀለባት ሴት ጕዳይዋን ለሰው አታወራም፤ ቀን ነጠላዋን እስከ አፍዋ ትከናነባለች፥ ማታ ከመስተዋት ፊት ወረንጦ ታነሣለች። ነገሩ የሚታከም እንጂ የሚያሳፍር ስላይደለ፥ ስለ ሕክምናው ጥቂት ቃል መጻፍ የተገባ ነው።

ምላጭ፥ ወረንጦ፥ ክርና ሰም ጠጕሩን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያርቁታል እንጂ ሥሩን አይገድሉም። ሥሩን ለመግደል ዛሬ የሚሠራባቸው ብልሃቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የኤሌክትሪክ መርፌ፥ ሁለተኛው ሌዘር የሚባለው ብርሃን ነው።

የመርፌው ብልሃት በመጀመሪያ የታሰበው ለውበት አልነበረም። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ቻርልስ ሚሼል በ1875 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የጻፈው፥ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይንን የሚወጋውን ሽፋሽፍት ስለ ማጥፋት ነው። ይህ ደዌ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከትራኮማ የሚመጣው የሽፋሽፍት መቀልበስ ብዙ ባላገር አሳውሯል፥ ሰዉም ሽፋሽፍቱን በወረንጦ ሲነቅል ኖሯል፤ የተነቀለው ግን ተመልሶ ይበቅላል። ሐኪሙ ቀጭን መርፌ ወደ ጠጕሩ ሥር አግብቶ በኤሌክትሪክ ኀይል ሥሩን አጠፋው። ይህ ሥራ ለማናቸውም የቆዳ መልክ፥ ለሽበትም ጭምር ይሆናል። የአሜሪካ የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ፈጽሞ ያጠፋል ብሎ የሚቀበለው ይህንኑ ነው። ጕድለቱ፥ እያንዳንዱ ጠጕር ለብቻው ስለሚሠራ ብዙ ወራት መፍጀቱና ማሳመሙ ነው።

ሌዘር ግን ሰፊ ሥፍራ በጥቂት ጊዜ ይሠራል። ብርሃኑ የጠጕሩን ጥቍረት ፈልጎ ሥሩን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሽበትን አይነካም። ያው ጥቍረት በቆዳችንም ስላለ፥ ለነጭ ቆዳ የተዘጋጀው መሣሪያ የጠይምን ፊት አቃጥሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ለእኛ የሚሻለው የብርሃኑ ሞገድ 1064 ናኖሜትር የሆነው፥ ኤንዲ ያግ የሚባለው ነው። በየጥቂቱ ሳምንት እየተመላለሱ ብዙ ጊዜ መሠራት ያስፈልጋል፤ ውጤቱም ለረዥም ጊዜ መቀነስ እንጂ ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም። ሠርግዋ የቀረበ ሙሽራ በችኰላ ልትሞክረው አይገባም። ከመሠራቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ጠጕሩን በምላጭ መላጨት ይቻላል፤ በወረንጦ ወይም በክር መንቀል ግን ብርሃኑ የሚይዘውን ሥር ያሳጣል።

ችኰላ ምን እንደሚያመጣ ከቀድሞው ዘመን መማር ይቻላል። በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ ብዙ ሴቶች የፊታቸውን ጠጕር በራጅ አስጠፉ፤ ከዓመታት በኋላ ግን የብዙዎቹ ቆዳ ተበላሸ፥ ነቀርሳ የያዛቸውም ነበሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ያሻል። ጠጕሩ በድንገት ቢበዛ፥ የወር አበባ ቢዛባ፥ ድምፅም ቢጐረንን፥ የውስጥ ዕጢዎች ሕመም ሊሆን ይችላልና ሕመሙ ካልታከመ የጠፋውን ጠጕር ሌላው ይተካዋል። በዘነበ ወርቅ የሚገኘው፥ በ1958 ዓ.ም. በተለይ ስለ ሥጋ ደዌ የተቋቋመው አለርት ለሌላውም የቆዳ ሕመም ሐኪሞች አሉት። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የመሣሪያውን ዓይነት፥ የሠሪውን ትምህርትና በጠይም ቆዳ ላይ መሥራቱን መጠየቅ ይገባል።

ባሎችና አባቶችም በዚህ ነገር ሳይቀልዱ፥ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ወደ ሐኪም ቢሸኙ ከብዙ ኀዘንና ከከንቱ ወጪ ያድናሉ።