በጅቡቲ ወደብ ያለፉት የኮሪያ ዘማቾች

ቡላኦስ ያላችሁ ወገኖች ጅቡቲን የምታውቋት የስደት መንገድ ሆና ነው። ግን የዛሬ ሰባ ምናምን ዓመት በዚሁ ወደብ ሌሎች ኢትዮጵያውያን አልፈዋል፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች።

ሰኔ 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡብ ኮሪያን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት እርዳታ ሲጠይቅ 16 አገሮች ተዋጊ ጦር ላኩ። ካናዳ ከ26,000 በላይ ሰው አዘመተች። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን አቤት ብለን የደረሰልን አልነበረም። አፄ ኃይለ ሥላሴም «የተወረረ አገር ብቻውን አይተው» የሚል አቋም ያዙ።

የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ገባ። ከዚህ ወደብ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ ፑሳን ደረሰ። ብርድና በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተራራ ለተራራ ተዋጉ። እየተተካኩ የዘመቱት ሲደመሩ ከ6,000 በላይ ናቸው። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም፤ የወደቀ ጓዳቸውንም ጥለው አልተመለሱም።

አንድ ነገር ግን ብዙም አይወራም። ወታደሮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ልጆች ማሳደጊያ ረድተዋል። ጦርነት ያፈናቀለው ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው እኛ ካምፕ ያለን እናውቀዋለን።

አገር ቤት ሲመለሱ ግን ዕጣቸው ከባድ ሆነ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለሆነ፣ ኮሪያ ዘምቻለሁ ብሎ ማውራት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሜዳሊያውን የደበቀ አለ፤ በችግር ያረጀም ብዙ ነው። ኋላ ግን ደቡብ ኮሪያ ውለታውን አልረሳችም። በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ አቆመችላቸው፤ በሕይወት ላሉት ዘማቾችና ለልጅ ልጆቻቸውም ድጋፍ ታደርጋለች።

እንግዲህ አባታችሁ ወይ አያታችሁ ቃኘው ከሆኑ፣ ስማቸውን፣ የዘመቱበትን ዓመትና ሻለቃቸውን ጻፉ። ፎቶና ሜዳሊያ ካለ በስልክ አንስታችሁ ለዘመድም ላኩ። በስደት ወረቀት ይጠፋል። ያልተጻፈ ታሪክ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።