«የሕንፃ ጽናት ክትትል»፦ ስለ ስያሜው አጭር ማብራሪያ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት ጅማን ባናወጠ ጊዜ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጎድተዋል። እንዲህ ያለ ነውጥ ባለፈ ቁጥር፣ በአወቱ መንደራ የጭቃ ቤትም ሆነ በባለፎቁ ሕንፃ፣ ነዋሪው የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ተመልሰን እንግባን?» መልሱ የመሐንዲሱ ነው። ሆኖም ሁለቱ የሚግባቡት በቃል ስለ ሆነ፣ ቃሉ የጠራ መሆን አለበት። ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

ሀ) ጽናት። በውጭ ቋንቋዎች ሙያው የሕንፃን «ጤና» መከታተል ይባላል። በአማርኛ ግን ጤና የሕያው አካል ነው። «ደኅንነት» እንዳንልም ደኅንነቱ የነዋሪው ነው። «ጸና» ከሚለው ግሥ የወጣው ጽናት ግን ሸክምንና ነውጥን ችሎ መቆምን ይገልጻል።

ለ) ክትትል። ከ«ፍተሻ» ይለያል። ፍተሻ አንድ ጊዜ ተደርጎ ሊያበቃ ይችላል፤ በ«ክትትል» ውስጥ የ«ት» መደገም ግን የድርጊቱን መደጋገም ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ እንደ ታየው ነውጥ ሊደጋገም ስለሚችል፣ አንድ ፍተሻ አይበቃም። ቀላሉ ዘዴ በስንጥቁ ላይ ስስ ጄሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ነው፤ ጄሶው ከተሰበረ ስንጥቁ ተንቀሳቅሷል። የንዝረት መለኪያ ደግሞ ሕንፃው ከነውጡ በፊትና በኋላ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ያነጻጽራል፤ ተሸካሚ አካሉ የላላ ሕንፃ ከቀድሞው ይልቅ ዝግ ብሎ ይወዛወዛል።

ሐ) ንቃቃትና ስንጥቅ። «ቤቱ ተሰነጠቀ» የሚል ሪፖርት ለመሐንዲሱ ብዙ አይነግረውም። ሳይሰበር የተተረተረ እንሥራ «ነቃ» ይባላልና፣ በምርጊት ወይም በልስን ላይ ብቻ ለሚታየው ቀጭን መስመር «ንቃቃት» እንላለን፤ «ንቃት» የግንዛቤ ስም ሆኖ ስለ ተለመደ አልመረጥነውም። «ስንጥቅ» ከልስኑ አልፎ ወደ ውስጥ ለዘለቀው ይሁን። ስንጥቁ በግድግዳው ላይ ነው ወይስ በተሸካሚው፣ ማለትም በቋሚው፣ በኮለኑ ወይም በቢሙ ላይ? ይህ ተለይቶ ይጻፍ። ተሸካሚው ከተሰነጠቀ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ ወደ ቤቱ አይገባም። ንቃቃት ብቻ መታየቱም የጽናት ማረጋገጫ አይደለም፤ ልስን የውስጡን ጉዳት ሊሸፍን ይችላልና።

ግንበኞችና መሐንዲሶች በየአካባቢያቸው የሚሠሩባቸውን ቃላት ቢጽፉልን፣ ስያሜዎቹን ከሥራው ጋር እያገናዘብን እናርማለን።